ቤት ለእንግዳ

አከራይ በር ሲያንኳኳ ከሩቅ ይታወቃል። ጎረቤት በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል፤ ጓደኛ ስምህን እየጠራ ይገባል፤ አከራይ ግን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «አለህ?» ይላል። የለሁም አይባል ነገር! መብራቱ በርቷል፣ ጫማህ በር ላይ ነው፣ ራዲዮኑም ይለፈልፋል። ባለፈው ወር አንድ ማታ አከራዬ እትዬ በሬን እንደዚያ መቱና ገቡ። ወንበር ስስብላቸው «አይ፣ አልቀመጥም» አሉ። አልቀመጥም ያለ አከራይ ያስፈራል።

«መምህር፣ እኔ እኮ አንተን እንደ ልጄ ነው የማይህ» ብለው ጀመሩ።

ይህችን የሰማ ተከራይ ቀሪውን ባይሰማም ይችላል። እንደ ልጅ የታየ ተከራይ ኪራይ ይጨመርበታል፤ በጣም እንደ ልጅ የታየ ደግሞ ውጣ ይባላል። እኔ ሁለቱም ደርሶኛል። 3,500 የነበረው 5,000 ይሁን፤ «ካልሆነልህ ግን ልጄ ከሐዋሳ ሊመጣ ስለሆነ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት። ዲላ ውስጥ በስምንት ዓመት ከሦስት ቤት ወጥቻለሁ። ሦስቱም ጊዜ የአከራዩ ልጅ ሊመጣ ነው ተብዬ ነው። አንዱም መጥቶ አላየሁም። የእትዬ አራተኛው መሆኑ ነው።

በዚያው ሳምንት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ብሶቴን ስነግረው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ 33 ዓመትህ እኮ ነው! እስከ መቼ ለሰው ቤት ትከፍላለህ? ለምን አትገዛም?» አለኝ። ከዚያ እነሱ ዘንድ ወጣቱ ይከራይ ወይስ ይግዛ የሚለው የሂሳብ ጉዳይ መሆኑን ያስረዳኝ ጀመር። ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ በ30 ዓመት የሚከፈለው ብድር በወር ስንት ይመጣል፤ ሥራና ከተማ ለሚቀያይር ሰው ኪራይ ያዋጣዋል፣ ለሚረጋ ሰው መግዛት። በትዕግሥት አዳመጥኩት። ዲላ ላይ «ለምን ተከራየህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዝናብ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «ለምን ረጠብክ?» እንደማለት ነው።

እስቲ ልግዛ እንበል። ምኑን? መሬቱን እንዳልል በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ላዩ ላይ የቆመው ቤት ነው። ዋጋው ግን የመሬቱ ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው የዛገ የጭቃ ቤት አስፋልት ዳር ስለሆነ ብቻ የሚጠራበትን ዋጋ ስንሰማ ወርቅ ተቀብሮበት ነው ወይ እንላለን። የገዛው ሰው በማግስቱ ያፈርሰዋል። ድሮስ ቤቱን መች ፈለገው?

ከመንግሥት ልውሰድ ካልኩ ሊዝ አለ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታና በምደባ ይሰጣል ይላል። ጨረታው ላይ መምህሩም የቡና ነጋዴውም እኩል ፖስታ ያስገባሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ፖስታው ሲከፈት ነው። ምደባው ደግሞ በማኅበር ለተደራጀ ነው ተባልንና ተደራጀን። ሊቀ መንበር መረጥን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ ማኅተም አስቀረጽን፣ በዝግ ሂሳብ ብር አስገባን። ከዚያ ወዲህ ጉዳያችን ወዳለበት ቢሮ በሄድን ቁጥር አንድ ጊዜ ሳይት ፕላኑ እየተሠራ ነው፣ አንድ ጊዜ የገበሬው ካሳ አልተከፈለም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኮሚቴው ተቀይሯል እንባላለን። ማኅበሩ ሲመሠረት ላጤ የነበረው ጸሐፊያችን ዛሬ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ያስገባነው ብር ያኔ ቢያንስ መሠረት ያስወጣ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ግን ብረቱም ሲሚንቶውም እኛን ቆሞ አልጠበቀንም። ሂሳቡ ዝግ ነው፤ ገበያው ክፍት ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ የጨረቃ ቤት። ከተማው ዳር ካለ ገበሬ በመንደር ውል ትገዛለህ፣ ሌሊት ታቆማለህ፣ ጎህ ሲቀድ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ይገኛል። አንድ ባልደረባዬ እንዲያ አድርጎ ሁለት ክፍል አቁሞ ነበር። ስምንት ወር ኖረበት። አፍራሽ ግብረ ኃይሉ ሲመጣ ቆርቆሮውን ራሱ እንዲያወርድ ሁለት ሰዓት ሰጡት። ያ ቆርቆሮ አሁንም የወንድሙ ግቢ ተደርድሮ አለ።

ባንክስ? የቤት ብድርን ዋና ሥራው ያደረገው ጎህ ቤቶች ባንክ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ሌሎቹም እናበድራለን ይላሉ። ልትገዛው ያሰብከው ቤት ካርታ ይኑረው፣ ከራስህም መዋጮ አምጣ፣ ደመወዝህም የወሩን ክፍያ ይቻል ይሉሃል። ካርታ ያለው ቤት ተፈልጎ ይገኛል። መዋጮውን ወንድም አክስት ተለምኖ ይሞላል እንበል። ሦስተኛዋ ላይ ሁላችንም እንወድቃለን። ከመስከረም 2018 በተደረገው ማስተካከያ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እሰየው ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጁ የሚገባው 8,600 ገደማ ይሆናል። ታዲያ ጭማሪው በቴሌቪዥን ነው የተነገረው፤ አከራይም ቴሌቪዥን አለው። እትዬ በማግስቱ ግቢ ውስጥ አግኝተውኝ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲሉኝ ልቤ ድንግጥ ነው ያለው።

«አንተ የገጠር ልጅ አይደለህም እንዴ? የአባትህ መሬት ላይ ቤት ሥራ» የሚሉኝም አሉ። አባቴ ወናጎ ወረዳ ነው። ጌዴኦ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲያገባ አባቱ ከይዞታው ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ልጁም እንሰቱን ተክሎ፣ ቡናውን ይዞ ጎጆውን ይቀልሳል። አያቴ ለአባቴ ቆርሶለታል። አባቴ ለአምስት ወንድ ልጅ ምኑን ይቁረስ? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ጌዴኦ ዞን በ1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ847 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው ከተማ ተፋፍጎ እንዳይመስላችሁ፤ ዲላ ያኔ 59 ሺህ ገደማ ነበረች፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ገጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ሕዝቡ ግን ቆጠራ እስኪደርስ ብሎ መውለዱን አላቆመም።

የአባቴን ጓሮ ላየው ሰው ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመሃል በመሃሉ ቡና። ይህንኑ አሠራር ነው ዩኔስኮ መስከረም 2016 ሪያድ ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ብሎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። ያን ቀን ዲላ ጨፍረናል፤ እኔም ጨፍሬአለሁ። ታዲያ አሁን ሄጄ ለሁለት ክፍል ቤት ስንት እንሰት ልንቀል? የዓለም ቅርስ ላይ ሳሎን ልሥራ? አንዳንዴ ትክል ድንጋዮቻችን ያስቀኑኛል። ጨልባ ቱቲቲ ላይ ብቻ ከሺህ በላይ ድንጋይ አለ፤ ያሉበትን ቦታ ልቀቁ ያላቸው የለም።

እንግዲህ ከገጠሩ ተገፍቶ የመጣው ሁሉ ዲላ ላይ ይገናኛል። ከተማዋ ደግሞ እኛን ብቻ አይደለም የምትጠብቀው። በ1989 ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መምህሩንም፣ ሐኪሙንም፣ ግቢ ውስጥ ማደር ያልፈለገውንም ተማሪ አመጣልን። ነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላ ከስድስቱ ማዕከላት አንዷ ሆነች፤ ቢሮዎች መጡ፤ ከቢሮዎቹም ጋር ሐዋሳ ተደላድሎ ይኖር የነበረው ሠራተኛ ሶፋውን በአይሱዙ ጭኖ ከተፍ አለ። ክልሉ ቀረበልን ብለን ደስ አለን። አከራዮቻችንም ደስ አላቸው፤ ምክንያታችን ነው የተለያየው። ቡናውም አለ። የካቲት 2017 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ታይቶ ወደማይታወቅ ከፍታ ሲወጣ ይርጋጨፌን የሚያህል ስም የያዘ ዞን እንዴት ያዝናል? አባቴም ትንሽ ቀምሷል። የቡና ብር ግን ዲላ ሲገባ ብሎኬት ይሆናል፤ ብሎኬቱ ፎቅ፤ ፎቁ ፔንሲዮን። የአንድ ሌሊት አልጋ ከሚያስገኘው ጋር ሲተያይ ለመምህር በወር የሚከራይ ሁለት ክፍል መሥራት ለባለ ገንዘብ ጽድቅ ነው፤ ጽድቅ የፈለገ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል። ስለዚህ ለእኛ የሚተርፈን ያው ሰርቪስ ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ በር በበር የተደረደረው።

የእኛ ግቢ ሰርቪስ ስድስት በር ነው። ለስድስት በር አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ። ውኃው በፈለገው ሌሊት ይመጣል፤ ቢጫ ጀሪካኖቻችን ተራቸውን ይዘው ቧንቧው ሥር ያድራሉ፤ ማልዶ የተነሳ የሌላውን ጀሪካን በእግሩ ገፋ ያደርጋል፤ ቀኑን ሙሉ የግቢው ሰላም የሚለካው በዚያች ግፊት ነው። መብራት በአምፖል ተቆጥሮ ይካፈላል። ፍሪጅ ያለው ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ክልክል። ካውያ በፈቃድ። ቆጣሪው እትዬ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ነው የተሰቀለው፤ ዲስኩ ፈጠን ሲል ያውቃሉ። አንድ እሑድ ሸሚዜን ስተኩስ ድምፃቸው ግድግዳ አልፎ መጣ፤ «መምህር፣ ካውያ ነው?» አዎ አልኳቸው። «ስንት ሸሚዝ ነው?» አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። ሦስት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ሸሚዝ ዋሸሁ።

ከሰል ደግሞ ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም፤ ኮርኒሱ ይጠቁራል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የድሮው ጭሰኛ ስሙን ያገኘው በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ ስለሚያጨስ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ሚጪሌ ላይ በዓመፅ የተነሳው ያንን ኑሮ መሸከም ስላቃተው ነበር፤ በ1967 የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። እኛ የዘንድሮዎቹ ጭሱም ተከልክለናል።

የውጪው በር ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ቁልፍ ለተከራይ አይሰጥም። አንድ ቀን ጪጩ ለቅሶ ደርሼ ባጃጅ አጥቼ አመሸሁ። አንኳኳሁ። ውሻው ጮኸ። «ማነው?» ተባልኩ። እኔ ነኝ አልኩ። «እኔ ማን?» ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ለላሜራ በር ተናገርኩ፤ ትምህርት ቤት ስመዘገብ እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። በማግስቱ እትዬ «ማምሸት ጀመርክ እንዴ?» አሉኝ። ወላጅ እናቴ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።

ስለ እናቴ ካነሳሁ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ወገቧን ሐኪም ቤት ላሳያት አመጣኋት። ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ቡና በፌስታል ቋጥራ ነው የመጣችው፤ ቡናውን ገና ሳትቀመጥ «ለቤቱ ባለቤት ስጥልኝ» ብላ ለእትዬ ላከች። እሳቸውም አመሰገኑ። የመጀመሪያውን ቀን «ቤት ለእንግዳ» እያልኩ አልጋዬን ለቅቄላት ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ልብስ ሳጥብ እትዬ ቧንቧው አጠገብ መጡ። «እናትህ ናቸው አይደል? ይጠይቁህ እንጂ፣ ደግ ነው» አሉ። ትንሽ ቆሙ። «ስንት ቀን ይቆያሉ? አይ፣ ውኃውን ታውቀዋለህ ብዬ ነው።» እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አማርኛ ብዙ አትሰማም። ግን ሰው ሲቆጠር በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል። ማታ በጌዴኡፋ «እንሰቱን ማን ይፍቅልኛል፣ ነገ ልሂድ» አለች። የሐኪም ቀጠሮዋ ለከነገ ወዲያ ነበር። ብለምናትም እምቢ አለች። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ስቀበል «ቤት ለእንግዳ» የምትለውን ቃል ትቻታለሁ። ቤቱ የእኔ ሳይሆን ለማን ብዬ ልለቅ?

እትዬን እንዳልበድላቸው፤ ክፉ ሴት አይደሉም። ባለቤታቸው ሲሞቱ የቀረላቸው ጡረታና ይህ ሰርቪስ ነው። እሱንም የሠሩት ተበድረው ነው። ዘይቱ፣ ጤፉ እሳቸውንም አይምርም። እኔ ከእሳቸው ሸሽቼ ወዴት እንደምሄድ ግራ እንደሚገባኝ ሁሉ እሳቸውም ጭማሪውን ከእኔ በቀር ከማን እንደሚያመጡት ግራ ገብቷቸዋል። ሁለታችንም የምንታከከው አንድ ግድግዳ ላይ ነው፤ እሳቸው በዋናው ቤት በኩል፣ እኔ በጀርባው።

ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። መጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራይም አከራይ በፈለገ ጊዜ ብድግ ብሎ አይጨምርም ይላል። አዋጁ አዲስ አበባ ውስጥ መተግበር ሲጀምር በደስታ አነበብኩት። እትዬ ጭማሪውን በነገሩኝ ማታም በስልኬ አውጥቼ አነበብኩላቸው። እስኪያልቅ በጨዋነት አዳመጡኝ። «ይኼ የአዲስ አበባ ነው» አሉ። በክልል ደግሞ የሚተገበርባቸውን ከተሞች ክልሉ ይወስናል ይላል አልኳቸው። «እንግዲህ ሲወስን ትነግረኛለህ፤ እስከዚያ 5,000 ነው» ብለው ደኅና እደር ብለውኝ ወጡ። ጠበቃ ቢያቆሙ ከዚህ የተሻለ አይመልስላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ከደላላ ጋር ዲላን እየዞርኳት ነው። ደላላ የሚያሳይህ ቤት ሁሉ «ፏ ያለ» ነው። በሩ ላይ ስትደርስ አከራዩ አንተን ያይና ደላላውን ይጠይቃል፤ «ላጤ ነው ባለትዳር?» ላጤ ከሆንክ ሴት ታመጣለህ ተብለህ ትፈራለህ፤ ባለትዳር ከሆንክ ትወልዳለህ። ልጅ የሌለው፣ የማይወልድ፣ ዘመድ የማይጠይቀው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚገባ፣ ውኃ የማይጠጣ ባለትዳር ይፈለጋል። በአማርኛችን ማግባት ጎጆ መውጣት ይባል የለ? ጓደኞቼ ጎጆ ሳይሆን ሰርቪስ ወጥተው አገቡ። እኔን ደግሞ ላገባት ያሰብኳት ልጅ ቤተሰቦች «ቤቱ የት ነው?» ብለው ጠይቀው መልሱን እስካሁን እየጠበቁ ነው።

ከእኛ ግቢ ማዶ አንዲት አሮጊት እናት በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለቀበሌ ከተላለፉት ቤቶች አንዱ ነው። የሚከፍሉት የወር ኪራይ የእኛን የአንድ ቀን ማኪያቶ አይገዛም። ጣሪያው ያፈሳል፤ ክረምት ሲገባ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ይደረድራሉ። ግን ልጄ ሊመጣ ነው ብሎ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። ጠዋት ለሥራ ሳልፍ በራቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ፤ ጭሱ እስከ መንገድ ይወጣል። «ና ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ይሉኛል።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከኦዳያ ወዲህ፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ እናት ሦስት ቀን ብታድር የማትቆጠርበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደላላ ሳይሰማ ጠቁሙኝ። እስከ 4,000 እችላለሁ።